የገልባጭ ሃይድሮሊክ ደብረ ብርሃን ላይ የት ይሠራ? የኔ ጥቆማ

ሰሞኑን ብዙ ሹፌር ስለጠየቀኝ አንድ ላይ ልጻፈው። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት በገልባጭ ስመላለስ ዓመታት አልፈዋል።

መጀመሪያ ጋራዡ። ስም አልጠራም፣ መለያውን ግን እነግራችኋለሁ። ካሶኒው፣ ማለትም የጭነት ሳጥኑ፣ ተነሥቶ መካኒኩ ከሥር ሊገባ ሲል እጁን እዩት። የብረት ድጋፉን አስገብቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ኪሱ ከከተተ መኪናችሁን ስጡት። «ጃኩ (ካሶኒውን በዘይት ግፊት የሚያነሣው) ይዞታል፣ አይወርድም» ካላችሁ ግን የፈለገ ርካሽ ቢሆን ይዛችሁ ውጡ። ካሶኒውን አንሥቶ የያዘው ዘይት ብቻ ነው። ቱቦው ከፈነዳ ለመጮህ እንኳ ጊዜ የለም።

አምና ያየሁት አይረሳኝም። አንድ ልጅ ግፊቱን ሳያስለቅቅ የቱቦውን ራስ ፈታው፣ ዘይቱ ተወርውሮ ማዶ ግድግዳ ላይ አረፈ፣ ልጁ ዓይኑ የተረፈው በዚያች ቅጽበት ዞር ስላለ ብቻ ነው። ካሶኒውን አውርዶ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ ማንሻውን ወዲያ ወዲህ ማለት ደቂቃም አይፈጅም ነበር።

ቱቦ ላይ ደግሞ አትሰስቱ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ በርካሽ ይገኛል፣ እኔ ግን ለዘይት ቱቦ አልገዛም። ውስጡ መሰነጣጠቁ ከውጭ አይታይም። አዲስ ባለ ሁለት ሽቦ (በጎማው ውስጥ ሁለት ድርብ የሽቦ መረብ ያለው) ገዝታችሁ የቱቦውን ራስ በማሽን አስጨምቁ። በክላምፕና በሽቦ አስሮ የሚሰጣችሁን በፍጹም እሺ እንዳትሉ። የሚያፈስበትን ስትፈልጉም በእጅ አትዳብሱ፣ ካርቶን አስጠጉ። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። መጀመሪያ ላይ ብዙም ላያም ይችላል፣ ቁስሉም ነጥብ ነው የሚያህለው። «ነገ ይሻለኛል» አይባልም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱና ግፊት ያለው ዘይት እንደገባ ንገሯቸው።

ዘይት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ነው፣ ጠዋት ውርጭ አለ። ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ከ1,300 በታች ናችሁ፣ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። የሃይድሮሊክ ዘይት ቁጥሩ ውፍረቱን ነው የሚናገረው፣ 68 ቁጥር ጠዋት ደጋ ላይ ይወፍርና ፓምፑ ያለቅሳል። 32 ደግሞ ቆላ ሲደርስ ይቀጥናል። ለኔ 46 ነው የተስማማኝ፣ እናንተ ግን የመኪናችሁን መመሪያ አስቀድሙ። የቶታሉ አዞላም የሼሉ ቴለስም በ46 አሉ፣ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ከብራንዱ ይልቅ ማሸጊያው ያስጨንቀኛል፣ ከተከፈተ በርሜል የተቀዳ አልገዛም። የፍሬን ዘይት ደግሞ በጭራሽ አትጨምሩበት፣ ጎሚኒውን (ዘይቱ እንዳያፈስ የሚዘጋውን ጎማ) ይበላዋል።

ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ያኔ ዘይቱን ብቻ ቀይሮ «አለቀ» የሚል መካኒክ ጋ አትመለሱ። ጋኑን ያጠበ፣ ፊልትሮውን የቀየረ፣ ውሃው በየት እንደገባ የፈለገ ነው ሥራውን የሠራው።