ይህን ውድ ጫማ ልግዛ ወይስ ልተወው?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛል። ሯጭ ነኝ፣ ልምምዴ ደብረ ማርቆስ ነው። አክስቴ ከአሜሪካ ልትመጣ ነውና «ጫማ ላምጣልህ፣ ግማሹን አንተ ቻል» ብላኛለች። ዓይኔ ያረፈው ትዕግስት አሰፋ መስከረም 2016 በርሊን ማራቶን ላይ 2:11:53 የገባችበት አዲዳስ ላይ ነው፤ አዲዜሮ አዲዮስ ፕሮ ኢቮ 1። ክብደቱ 138 ግራም፣ ሲወጣ ዋጋው 500 ዶላር ነበር! ኩባንያው ራሱ ግን ለአንድ ማራቶንና ለጥቂት ማላመጃ ነው የሠራሁት ይላል። የእኔ መንገድ ደግሞ ዳገትና ጠጠር ነው። ከ10 ኪሎ ሜትር በላይም ተወዳድሬ አላውቅም። አሰልጣኜ «መጀመሪያ እግርህን አጠንክር» እያለ ይስቅብኛል። እንደዚህ ባለ የካርቦን ጫማ (ሶሉ ውስጥ ካርቦን ያለበት) የሮጣችሁ፣ እንደኔ ላለ ሰው ለውጥ አለው? ወይስ በዚሁ ብር ጠንካራ የልምምድ ጫማ ይሻለኛል? አክስቴ እስከ ሰኞ መልስ ትፈልጋለች።