ክርክር፦ ድብቅ ሴቲንግ የነካ ሰው የባንክ አፑ ሊዘጋበት ይገባል?

ጥያቄ አቅራቢ፦
የእናቴ ዓይን ደክሟል። የስክሪኑን መጠን ሴቲንጉ እስከፈቀደው ባጎላላትም አልበቃትም። አንድሮይድ ስልኳን ሩት ሳላደርግ (የሲስተሙን ጥበቃ ሳልሰብር)፣ ሴቲንግ ውስጥ ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ነክቼ ዴቨሎፐር ኦፕሽን የሚባለውን ለአፕ ሠሪዎች የተደበቀ ሴቲንግ ከፈትኩ፤ ኮምፒውተር ስልኩን በኬብል እንዲያዝ የሚፈቅደውን ዩኤስቢ ዲበጊንግ አብርቼ ከላፕቶፕ ጋር አገናኘሁና የስክሪን ዴንሲቲውን (ሲጨምር ፊደልና አይኮን የሚያጎላውን ቁጥር) ከ320 ወደ 400 አደረስኩት። የልጅ ልጇ የላከላትን መልእክት ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ አነበበች። በማግስቱ ሱቅ ሄዳ ዘይት ልትከፍል ስትል የባንክ አፑ «ዴቨሎፐር ኦፕሽን ስለበራ አይሠራም» ብሎ ተዘጋባት። ዘይቱን መልሳ ባዶ እጇን መጣች። በገዛ ስልኩ ላይ ፊደል ያጎላ ሰው ከገንዘቡ ሊከለከል አይገባም ባይ ነኝ።

ባንክ ውስጥ የምሠራ፦
ለእናትህ አዝናለሁ። ግን ነገሩ ፊደል ማጉላት ላይ አያበቃም። አንድ አፕ በኬብል «ራይት ሴኪዩር ሴቲንግስ» የሚባለውን፣ የተጠበቁ ሴቲንጎችን የመለወጥ ፈቃድ ካገኘ፣ ባለቤቱን ሳይጠይቅ የአክሰሰቢሊቲ አገልግሎት (አካል ጉዳተኞችን ለማገዝ የተሠራ) ማብራት ይችላል። ያ አገልግሎት ደግሞ ስክሪን ላይ ያለውን ያነባል፣ በባለቤቱ ፈንታ ይጫናል። ገንዘቡ ሲወጣ ደንበኛው የሚመጣው ወደ እኛ ነው።

ጥያቄ አቅራቢ፦
ልክ ነህ፤ ግን ያ ፈቃድ ዲበጊንጉ ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም። አፑ እስካልተራገፈ ወይም ፈቃዱ በትእዛዝ እስካልተነጠቀ ድረስ በእጁ ነው። ዴቨሎፐር ኦፕሽኑ ከጠፋ የእናንተ አፕ ያንን ስልክ ያለ ምንም ጥያቄ ይቀበለዋል። ለአንድም አፕ ፈቃድ ያልሰጠሁበትን የእናቴን ስልክ ግን ዘጋ። እኔን ያንገበገበኝ ይኼ ነው።

ስልክ ጠጋኝ፦
ከሥራ ቦታ ልናገር። ልጆች ቪዲዮ አይተው «ለጌም 90 ኸርዝ አውጣልኝ» ይሉኛል፤ ስክሪኑ በሰከንድ 90 ጊዜ ምስል ይቀይር ማለታቸው ነው። ስክሪኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ለ60 ብቻ የተሠራ ከሆነ፣ ሴቲንጉ ላይ 90 ብትጽፍ ቁጥሩ ተጽፎ ይቀመጣል እንጂ ስክሪኑ አይለወጥም። አንዱ ዴንሲቲውን 900 አድርጎት መጣ፤ ጥቂት አይኮን ስክሪኑን ሞልቶት፣ ሴቲንግ እንኳ መክፈት አቅቶት። ዲበጊንጉን ስላላጠፋው ከኮምፒውተር በአንድ ትእዛዝ መለስኩት፤ አለበለዚያ ፎርማት ነበር፣ ፎቶዎቹም ይሄዱ ነበር። የነበረውን ቁጥር ወረቀት ላይ ሳትጽፉ አትንኩ። የባንክ አፑ ይዘጋ ግን አልልም። እኔ የምቃወመው ለማይታወቅ አፕ ፈቃድ ሰጥቶ ደንበኛውን ሳይነግር የሚሸኘውን ጠጋኝ ነው።

አንዲት ተሳታፊ፦
ባለፈው ወር ስልኬን አስጠግኛለሁ። በምን አውቃለሁ?

ስልክ ጠጋኝ፦
እህቴ፣ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሰቢሊቲን ክፈቺ፤ የማታውቂው አገልግሎት በርቶ ካየሽ አጥፊው። ያልጫንሽውን አፕ አራግፊ፣ ፈቃዱም አብሮ ይሄዳል።

ጥያቄ አቅራቢ፦
እኔም የእናቴን ዴቨሎፐር ኦፕሽን አጠፋሁት። ዴንሲቲው 400 ላይ እንዳለ ነው፤ የባንክ አፑም ተከፈተ። ባንኮች የዴቨሎፐር ኦፕሽኑን ማብሪያ ከሚያዩ የበራውን የአክሰሰቢሊቲ አገልግሎት ቢፈትሹ ይሻላል።

ባንክ ውስጥ የምሠራ፦
እሱን ብንፈትሽ ደግሞ ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነበው በቶክባክ የሚጠቀሙ ዓይነ ስውራን ደንበኞቻችን ይነካሉ፤ ቶክባክም የአክሰሰቢሊቲ አገልግሎት ነው። የታመኑትን ለይተን የምናሳልፍበት ዝርዝር ያስፈልጋል፤ ዝርዝሩን ማን ይያዘው በሚለው ላይ እኛም ውስጥ ገና አልተስማማንም።