ስሟን ቀይራ ዓረብ አገር የሠራች እህቴ "ክጃለሁ" ትላለች፤ የጥንቶቹ ክርስቲያኖች እንዲህ ያለውን ሰው ምን አደረጉት?

ታናሽ ወንድም፦

ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴን ነገር ይዤ ነው የመጣሁት፤ ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው። ሳዑዲ ለቤት ሠራተኝነት ልትሄድ ስትል ደላላው "በክርስቲያን ስም ቪዛው ይዘገያል" ብሎ ፓስፖርቷ በሙስሊም ስም እንዲወጣ አደረገ። ማተቧን በጥሳ ለእናታችን ሰጥታ ሄደች። እዚያም ሙስሊም ነኝ ብላ ነው የኖረችው። ከቤተሰቡ ጋር ሰግዳለች፣ ረመዳንን ጾማለች። አሠሪዎቿ ደህና ሰዎች ነበሩ፣ በእነሱ ላይ ምንም ቅሬታ የላትም። ማንም አልደበደባትም፤ እውነቱ ቢታወቅ ግን ሥራው እንደሚቀርባት ታውቅ ነበር። እቤት ደግሞ የአባታችን ሕመም አለ፣ የኔ ትምህርት አለ። እኔ የተማርኩት በዚያ ብር ነው።

ከተመለሰች ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ግን ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ትመለሳለች። ንስሐ አባት ጋ ሂጂ ስንላት "ሰማዕታቱ አንገታቸውን ሰጡ፣ እኔ ለደሞዝ ብዬ ካድኩ፣ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ" ትላለች። አንድ ጎረቤት ደግሞ ዕብራውያን 6ን ጠቅሶ ከካዱ በኋላ ንስሐ የለም ብሏታል። ከዚያ በኋላማ ጭራሽ ባሰባት።

ስንክሳሩ ሲነበብ የምንሰማው የጸኑትን ነው። ያልጸኑትስ? በዘመነ ሰማዕታት ፈርቶ የካደ ሰው አልነበረም? ከነበረስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበለችው ወይስ አባረረችው? ማጽናኛ ብቻ ሳይሆን በእውነት የሆነውን የምታውቁ ንገሩኝ።

ታሪክ ወዳጅ፦

ነበሩ ወንድሜ። ያውም ብዙ ነበሩ።

ዳኬዎስን ታውቀዋለህ፣ በቅዱስ መርቆሬዎስ ገድል ላይ ያለው ንጉሥ ነው። ይህ ሰው በ249 መጨረሻ ወይም በ250 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የሮም ግዛት ነዋሪ ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ አዘዘ። መሠዋት ብቻም አይደለም፤ ለዚሁ በተሾሙ ሰዎች ፊት ወይን አፍስሶ፣ መሥዋዕት አቅርቦ፣ ከመሥዋዕቱ ቀምሶ የተፈረመበት ወረቀት መያዝ ነበረበት። እነዚህ ወረቀቶች ግብፅ ውስጥ ተቆፍረው ወጥተዋል፣ ከ40 በላይ ናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ቃል አላቸው፦ ስሜ እገሌ ነው፣ መንደሬ እዚህ ነው፣ ሁልጊዜ ለአማልክት ስሠዋ ኖሬያለሁ፣ አሁንም በፊታችሁ ሠውቼ ቀምሻለሁ፣ ይህንን መስክሩልኝ። አንዱ ላይ ባለቤቱ የ72 ዓመት ሽማግሌ እንደሆነና በቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ እንዳለው ሳይቀር ተጽፏል። ክርስቲያን ይሁን አይሁን ወረቀቱ አይናገርም፣ ትእዛዙ ለሁሉም ነበርና። የእህትህን ፓስፖርት ነገር ሳነብ ግን ትዝ ያለኝ ይሄ ነው።

የእስክንድርያው ጳጳስ ዲዮናስዮስ በዓይኑ ያየውን ጽፎልናል። አንዳንዱ ክርስቲያን ስሙ ሲጠራ ፊቱ ነጥቶ እየተንቀጠቀጠ ወደ መሠዊያው ይቀርብ ነበር፤ የሚሠዋው ሳይሆን የሚታረደው እሱ ይመስል ነበር ይላል፣ ሕዝቡም ይስቅበት ነበር። አንዳንዱ ደግሞ ሮጦ ሄዶ ዱሮም ክርስቲያን አልነበርኩም አለ። ሌላው ታስሮ ጥቂት ቀን ችሎ ካደ። በካርቴጅ (የዛሬዋ ቱኒዚያ ናት) ደግሞ ሳይጠሩ ቀድመው የሄዱ ነበሩ። ሳይሠዉ ለሹሙ ገንዘብ ሰጥተው ወረቀቱን ብቻ የገዙም ነበሩ።

ዳኬዎስ በ251 ጦር ሜዳ ሞተ። ያኔ እነዚህ ሁሉ ሰዎች እያለቀሱ ደጅ ላይ ቆሙ፣ ልክ እንደ እህትህ። ቤተ ክርስቲያንም ተከፋፈለች። አንዱ ወገን በእምነታቸው የታሰሩት የይቅርታ ደብዳቤ ጽፈውላቸዋልና ዛሬውኑ ይግቡ አለ። በሮም ደግሞ ኖቫትያኖስ የሚባል ቄስ የካደ ሰው በዚህ ምድር ወደ ቁርባን አይመለስም ብሎ ቆመ፤ የራሱን ወገን ይዞም ተለየ።

የካርቴጁ ጳጳስ ቆጵርያኖስ (በስንክሳር የምናውቀው የአንጾኪያው ቆጵርያኖስ አይደለም) ከአፍሪካ ጳጳሳት ጋር በ251 ጉባኤ አድርጎ መሐለኛውን ያዘ። የእያንዳንዱ ሰው ነገር ለየብቻ ይታይ ተባለ። ወረቀት ብቻ የገዙት ንስሐ ገብተው ተቀባይነት አገኙ። የሠዉት ረጅም ንስሐ ተሰጣቸው፣ ለሞት ከተቃረቡ ግን ይቀበሉ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ስደት የሚመጣ ሲመስል እነዚያው ጳጳሳት ንስሐ ላይ ያሉትን ሁሉ ወደ ቁርባን መለሷቸው። ምክንያታቸውን ስሙት፦ የክርስቶስን ደም እየከለከልናቸው ስለ ክርስቶስ ደማችሁን አፍስሱ እንዴት እንላቸዋለን?

በሮምም ወደ 60 የሚሆኑ ጳጳሳት ተሰብስበው ኖቫትያኖስን አወገዙ። ስለዚህ የጎረቤታችሁ አቋም አዲስ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን መርምራ የጣለችው ነው።

ኩዌት የነበርኩ፦

እኔም እንደ እህትህ ነኝ። ስሜም ተቀይሮ ነበር፣ ማተቤንም ፈትቼ ነበር። ስለዚህ እሷን የሚያማት የት ጋ እንደሆነ አውቃለሁ።

ሰው ሶላቱ ይመስለዋል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስለቅሰኝ ፍልሰታ ነው። ፍልሰታ ሲገባ ሆዴን ያመኛል ብዬ ሥጋ ተውኩ። መዳም አዝናልኝ በእጇ የዶሮ ሾርባ ሠርታ አልጋዬ ድረስ አመጣችልኝ። እምቢ ልበላት? ለደግነቷ ምን ልመልስላት? ጠጣሁት። ሌሊቱን ትራስ ነክሼ አለቀስኩ፣ እመቤቴን ይቅር በይኝ አልኳት። ማንም አላስገደደኝም እኮ፣ ደግ ሰው ነው ሾርባ የሰጠኝ፣ ግን ውሸቴ እንዳይወጣ ብዬ ጾሜን ፈታሁ። ይሄንን ለማን ይነግሩታል?

ለካህን ነገርኩ። አገሬ ገብቼም ብዙ ጊዜ ፈርቼ ነው የሄድኩት። አባ አልተቆጡኝም፣ ግን ምንም አይደለምም አላሉኝ። አንድ በአንድ ጠየቁኝ፣ በልብሽም ትተሽው ነበር ወይ አሉኝ፣ ደላላው ማን ነበር፣ ከነማን ጋር ነው የሄድሽው፣ ሌሎቹስ ተመልሰዋል ወይ አሉ። ጾም፣ ስግደትና ዳዊት አዘዙኝ፣ ቀኖናዬን ስጨርስ ቄደር (ለተመለሰ ሰው የሚደረገው የንስሐ ጸሎት) ተደረገልኝ፣ ከዚያ ቆረብኩ። እንደ ቆረብኩ ቀን ቀሎኝ አያውቅም። አሁንም ስለዚያ ዘመን ስጠየቅ እመሰክራለሁ፣ ጌታ ከዚያ አውጥቶ አምጥቶኛል። እህትህ ከፈለገች በውስጥ መስመር ትጻፍልኝ፣ አብሬያት እሄዳለሁ።

ሰንበት ተማሪ፦

ሁላችሁም የጻፋችሁት ደስ ይላል፣ ግን ነገሩን አናቅልለው። ተገርፎ የካደና ለሥራ ብሎ የካደ እኩል አይደለም። የኒቅያ ጉባኤ (325 እ.ኤ.አ.) በ11ኛው ቀኖናው ይህንኑ ነው የለየው፦ ክርስቲያኖችን ባሳደደው በሮሙ ንጉሥ በሊቂንዮስ ዘመን ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ንብረታቸው ሳይወረስ፣ አደጋ ሳይደርስባቸው የካዱ ሰዎች 3 ዓመት ከሰሚዎች ጋር (ንባብና ትምህርት ብቻ ሰምተው ከሚወጡት ጋር)፣ 7 ዓመት እየሰገዱ፣ 2 ዓመት ደግሞ ሳይቆርቡ በጸሎት ብቻ ከሕዝቡ ጋር እንዲቆዩ ወሰነ። ሲደመር 12 ዓመት ነው! ይህን የምለው እህታችንን ለማስጨነቅ አይደለም። ሐዘኗ ትክክለኛ ሐዘን ነው፣ ሰማዕታቱን ብታከብር ነው እንዲህ ያዘነችው። ምንም አላደረግሽም ብላችሁ ያንን ሐዘን አትውሰዱባት። እነዚያው 318 አባቶች ግን ምሕረት ባይገባቸውም እንራራላቸው ብለው ነው ዓመቱን የቆጠሩት፤ በዚያው ጉባኤ በ13ኛው ቀኖናም ሊሞት ያለ ሰው ቁርባን እንዳይከለከል አዘዋል።

ታናሽ ወንድም፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም አነበብኩላት። የኩዌቷ እህታችን ስለ ሾርባው የጻፈችውን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ "ጉባኤውን ተወው፣ አንድ ሰው ንገረኝ፣ የካደና የተመለሰ አንድ ሰው" አለችኝ። ታሪክ ወዳጅ፣ አለ?

ታሪክ ወዳጅ፦

አለ። ሰራፕዮን ይባላል፣ የእስክንድርያ ሽማግሌ ነው። ረጅም ዘመኑን ያለ ነቀፋ ኖሮ በዚያ ስደት ሠዋ። ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ቢለምንም፣ ለአማልክት ሠውቷልና የሰማው አልነበረም። ታመመ፣ ለሦስት ቀን አንደበቱ ተዘጋ፣ በአራተኛው ቀን ትንሽ ነቃ ብሎ የልጅ ልጁን ቄስ ጥራልኝ አለው። ልጁ በሌሊት ሄደ። ቄሱም ታመው ተኝተዋል፣ መነሣት አልቻሉም። ዲዮናስዮስ ግን ለሞት የተቃረቡ፣ በተለይም ቀድመው የለመኑ ይፈቱ ብሎ አዝዞ ነበር። ቄሱም ከቁርባኑ ጥቂት ለልጁ ሰጥተው፣ አርሰህ በሽማግሌው አፍ አድርግለት አሉት። ልጁ ሲደርስ ሰራፕዮን "መጣህ ልጄ? የታዘዝከውን ቶሎ አድርግና ልሂድ" አለው። ተቀብሎ ወዲያው ዐረፈ። አውሳብዮስ ይህን የዲዮናስዮስን ደብዳቤ በታሪኩ መጽሐፍ ስላቆየው ነው ዛሬ የምናነበው። ዲዮናስዮስ ነገሩን የጻፈው ወደ ኖቫትያኖስ ላዘነበለው ለአንጾኪያው ጳጳስ ለፋብዮስ ነበር። በሰራፕዮን ነው የተከራከረው።

ዲያቆን፦

ሁለት ነገር ልጨምር።

ዕብራውያን 6ን ኖቫትያኖሳውያንም ይጠቅሱት ነበር። የሚላኑ አምብሮስዮስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መልስ ሰጥቶበታል፦ ቃሉ የሚከለክለው ሁለተኛ ጥምቀትን ነው እንጂ ንስሐን አይደለም። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ጥምቀት አይደገምም። ለተመለሱት መጽሐፈ ቄደር አለ፤ የንስሐ ጸሎት ነው። የማይመለሱ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ ለምን ያስፈልግ ነበር?

ሁለተኛው የተፍጻሜተ ሰማዕት የጴጥሮስ ነው። ይህ የእስክንድርያ ፓትርያርክ በ311 አንገቱን ለሰይፍ የሰጠ ነው፣ ስለዚህ ስለ ክህደት ሲናገር ከማንም በላይ መብት ነበረው። በ306 በጻፈው ቀኖና ነገሩን በጥንቃቄ መዘነ። እስከ ሦስተኛ ዓመት ሲያለቅሱ ከቆዩት መካከል ተሰቃይተው አቅም ያጡት 40 ቀን፣ ታስረው ብቻ የካዱት አንድ ዓመት ይጨመርባቸው አለ። ራሳቸውን ለማዳን ክርስቲያን አገልጋዮቻቸውን በፈንታቸው ልከው ያሠዉ ጌቶች ነበሩ፤ ለአገልጋዮቹ 1 ዓመት፣ ለጌቶቹ 3 ዓመት ሰጠ። በሰው እጅ ላለ ሰው ሸክሙን አቀለለት፣ በላኪው ላይ ግን አከበደበት። የሰንበት ተማሪው 12 ዓመት ትክክል ነው፣ ግን ስለ ሊቂንዮስ ዘመን የተነገረ ነው። የእህታችን ነገር የት እንደሚወድቅ የሚመዝኑት ካህን ናቸው፤ እኛም ጎረቤትም አይደለንም። እኔ ግን አባቷን አስታማ ወንድሟን ያስተማረችን ልጅና በብሩ የተጠቀመውን ደላላ እኩል አላያቸውም።

በሰፈር መታየቱ ከከበዳት ሌላ ደብር ሄዳ ትጠይቅ። ዘንድሮ ብዙ ልጆች እንዲህ ሆነው ይመለሳሉ፤ ካህናቱ ያውቁታል፣ አዲስ አይሆንባቸውም። ፓስፖርቱ ላይ የተጻፈው ስምም እንዳያስጨንቃት፣ በቤተ ክርስቲያን የምትጠራው በክርስትና ስሟ ነው። የኩዌቷ እህታችን አብሬያት እሄዳለሁ ብላለችና ቀን ቁረጡ፤ ቅዳሜ ወይም እሑድ ካህናቱ ሥራ ስለሚበዛባቸው በአዘቦት ቀን ከሰዓት ብትሄዱ ይሻላል።