ኮሚዩኒቲ ስትሪንግ ከተቀየረ በኋላ ሞኒተሪንጉ ታይምአውት ይላል

ኔት_ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስዊቾቹና ሊኑክስ ሰርቨሮቹ ላይ «ፐብሊክ» የሚለውን የኤስኤንኤምፒ (የኔትወርክ መሣሪያዎችን ሁኔታ መጠየቂያ ፕሮቶኮል) ኮሚዩኒቲ ስትሪንግ፣ ማለትም እንደ ይለፍ ቃል የሚያገለግለውን ቃል፣ ቀይረን አዲሱን ዛቢክስ (የሞኒተሪንግ ሶፍትዌራችን) ውስጥ አስገባን። ቨርዥኑ 2ሲ ነው። ስዊቾቹ ፒንግ ይመልሳሉ፤ ኤስኤንኤምፒ ግን ታይምአውት ነው (መልስ ሳይመጣ ጊዜው ያልቃል)። አንድ ኡቡንቱ ሰርቨር ደግሞ ስሙን ይሰጣል፣ የኔትወርክ ካርዶቹን ትራፊክ ግን አያሳይም። ከየት ልጀምር?

ፖርት_161፦
ወንድሜ፣ ታይምአውቱን አትመነው። በቨርዥን 1ም ሆነ በ2ሲ ስትሪንጉ ከተሳሳተ መሣሪያው ስህተት ብሎ አይመልስም፤ ጥያቄውን ዝም ብሎ ይጥለዋል። ስለዚህ የተሳሳተ ስትሪንግ፣ የዘጋ ፋየርዎልና የጠፋ መሣሪያ ከዛቢክስ በኩል ሲታዩ አንድ ናቸው። ፒንጉም ዋስትና አይሆንም፤ ኤስኤንኤምፒ የሚሄደው በዩዲፒ 161 ነው።

ዛቢክስ ሰርቨሩ ላይ ሆነህ (ከላፕቶፕህ አይደለም፣ ኤሲኤሉ፣ ማለትም ማን መጠየቅ እንደሚችል የሚወስነው ዝርዝር፣ የሚፈቅደው የሰርቨሩን አይፒ ነው) በኤስኤንኤምፒ ጌት ትእዛዝ 1.3.6.1.2.1.1.1.0ን (የመሣሪያው መግለጫ ያለበትን አድራሻ) ጠይቅ። ስትሪንጉን በነጠላ ጥቅስ ውስጥ አድርገው፤ የዶላር ምልክት ካለበት ሼሉ ይበላዋል። መልስ ከመጣ ጥፋቱ ዛቢክስ ውስጥ ነው፦ ግሎባል ማክሮውን (ስትሪንጉ ለሁሉም መሣሪያ የተቀመጠበትን ቦታ) ብቻ ቀይረህ ከሆነ ሆስቱ (የአንዱ መሣሪያ መዝገብ) ላይ የቀረው አሮጌ ማክሮ ያሸንፈዋል። ስትሪንጉ ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያያል፤ ኮፒ ሲደረግ መጨረሻ ላይ የምትገባ ባዶ ቦታም እንደ ፊደል ትቆጠራለች።

መልስ ካልመጣ፣ ሲስኮ ላይ ሾው ኤስኤንኤምፒ በል። ያልታወቀ ኮሚዩኒቲ የሚለው ቁጥር ከጨመረ የተሳሳተው ስትሪንጉ ነው። የገቡት ፓኬቶች ብዛት ራሱ ካልጨመረ ጥያቄው መንገድ ላይ ቀርቷል።

ሼል_ቤት፦
የኡቡንቱው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ስሙን ከሰጠ ስትሪንጉ ትክክል ነው። የኤስኤንኤምፒ ኮንፊግ ፋይሉ ሲጫን «ሲስተም ኦንሊ» ከሚባል ቪው (የትኛው መረጃ እንደሚታይ ከሚወስን ገደብ) ጋር ይመጣል፤ የሚከፍተውም 1.3.6.1.2.1.1ንና 1.3.6.1.2.1.25.1ን ብቻ ነው። ኢንተርፌሶች ያሉት 1.3.6.1.2.1.2 እና 1.3.6.1.2.1.31 ስር ነው። እነዚህን ሁለቱን ቪው ላይ ጨምርና ሰርቪሱን ሪስታርት አድርግ። ፋይሉ ውስጥ ስትሪንጉ ባለበት መስመር ከስትሪንጉ ቀጥሎ የዛቢክሱን አይፒ ጻፍ፣ ከሌላ ቦታ እንዳይጠየቅ። ፈቃዱም ማንበብ ብቻ ይሁን።

ትራፊኩን ከ1.3.6.1.2.1.31 ስር ካሉት ባለ 64 ቢት ካውንተሮች (ያለፈውን ባይት ከሚቆጥሩት) ውሰድ። ባለ 32 ቢቱ በሞላ 1 ጊጋቢት መስመር ላይ በ34 ሰከንድ ገደማ ዞሮ ዜሮ ይገባል፤ በየደቂቃው ብትጠይቅ ግራፉ ይዋሻል።

ኔት_ጠያቂ፦
ኡቡንቱው ተስተካክሏል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስዊቾቹ ላይ ያልታወቀ ኮሚዩኒቲ ቁጥሩ ይጨምራል። ስትሪንጉ መሃል @ አለ፤ ችግር ይሆናል?

ፖርት_161፦
አዎ። ሲስኮ ከ@ በኋላ ያለውን የቪላን (ስዊቹ ውስጥ የተከፈለ ንዑስ ኔትወርክ) ቁጥር ወይም ኮንቴክስት አድርጎ ስለሚወስደው ስትሪንግ ውስጥ አይገባም። ጥያቄ ምልክትም ተው፤ ሲተየብ የእገዛ ዝርዝር ይከፍታል። ረጅም የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ይበቃል። መሣሪያው ሁለት ስትሪንግ አብሮ ስለሚይዝ መጀመሪያ አዲሱን ጨምር፣ ዛቢክስን ወደ እሱ አዙር፣ ዳታ መምጣቱን ስታይ አሮጌውን ሰርዝ።

ሼል_ቤት፦
2ሲ ስትሪንጉን በግልጽ ጽሑፍ ነው የሚልከው፤ መስመሩን የሚያዳምጥ ሁሉ ያነበዋል። ስዊቾቹ የሚችሉ ከሆነ ቨርዥን 3ን በሻ (ለማንነት ማረጋገጫ) እና በኤኢኤስ (ለምስጠራ) አብራ፤ የይለፍ ቃሎቹ ከ8 ፊደል እንዳያንሱ።