ግሩፓችን ከ«እንዴት አደራችሁ» አላልፍ አለ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ደሴ ነው። አብረን የተማርን 43 ልጆች ያለንበት የቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ አድሚኑ እኔ ነኝ። ጠዋት የአበባ ፎቶ ከ«እንዴት አደራችሁ» ጋር ይመጣል። ማታ ፎርዋርድ የተደረገ ቪዲዮ። በቃ።

ባለፈው «ባቲንና አምባሰልን በጆሯችሁ ብቻ ትለያላችሁ?» ብዬ ስለ ሙዚቃ ቅኝት ጠየቅኩ። 39 ሰው አነበበው። መልሱ? አንድ አውራ ጣት። እነዚሁ ልጆች ቤቴ ቡና ሲጠጡ ከአቦል እስከ በረካ አፋቸው አይዘጋም እኮ!

አንዴ ብቻ ደመቀ። ጅዳ ያለችው ልጅ ስለ ደሴው ተራራ «ቶሳ ዛሬ ጉም ለብሷል?» አለች። በመስኮት አንስቼ ላክሁላት። ከዚያ ወሬው እስከ ሌሊት ስድስት ሰዓት ቀጠለ። የኔ ጥያቄ ፈተና ፈተና ሸቷቸው ይሆን?

ስሎው ሞድ አድርጌ በሰዓት አንድ መልእክት ብቻ እንዲጽፉ ሞከርኩ፤ ጭራሽ ጠፉ። አሁን ፎርዋርድ ልከልክል ወይስ በየሳምንቱ በተራ አንድ ሰው ጥያቄ ያምጣ? የአበባ ፎቶ የምትልከው ደግሞ አክስት የምታህል ታላቃችን ናት፤ እሷን ማስቀየም አልፈልግም። እንዲህ ያለ ግሩፕ ይዛችሁ የተሳካላችሁ ካላችሁ፣ እስቲ አብሽር በሉኝ።