ጂሜይል በብሮውዘር ወይስ ተንደርበርድ? የ14 ማኅበራት ሪፖርት ጉዳይ

ባሶ፦
ሰላም ለቤቱ። ቢሮው ደብረ ብርሃን ነው፤ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማና ሸዋ ሮቢት አካባቢ ካሉ 14 ማኅበራት በየወሩ ሪፖርት በኢሜይል ይመጣል። ጂሜይልን በብሮውዘር ስለምንከፍት ኔት ሲቋረጥ የድሮውን ደብዳቤ እንኳ ማየት አይቻልም። ከአንዱ ማኅበር የሚመጣው አባሪ «ዊንሜይል.ዳት» እያለ አልከፈት ይላል። አንዱ ሲመልስ ደግሞ ለሁሉም ይደርስና በሞባይል ዳታ የሚከፍቱት ያማርራሉ። ፕሮግራም ብንቀይር ይስተካከላል?

ወፍ ዋሻ፦
ግማሹ ይስተካከላል። ቢሮው ላይ ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ጫኑ፤ ነፃ ነው፣ የወረደውን ያለ ኔት ያነባል፣ የተጻፈውንም «በኋላ ላክ» ካላችሁት ወጪ ሳጥን ውስጥ ያቆየዋል። አካውንቱን ስታስገቡ ከሁለቱ የመቀበያ መንገዶች አይማፕን (ደብዳቤው ሰርቨር ላይ እንዳለ የሚቆይበትን) ምረጡ እንጂ ፖፕ አትንኩ። ፖፕ እንደ አቀማመጡ ደብዳቤውን ከሰርቨር አንስቶ አንድ ኮምፒውተር ላይ ያስቀረዋል፤ ሃርድ ዲስኩ የሞተ ቀን የዓመቱ ሪፖርት አብሮ ሄደ። መቀበያው ፖርት (የመገናኛ በር ቁጥር) 993፣ መላኪያው 465፤ ማረጋገጫው «ኦኦዝ 2» (በጉግል መግቢያ ገጽ የሚገባበት) ይሁን።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ሲጀምር ያለውን ሁሉ ላውርድ ይላል፤ ጥቅል ላይ ከሆናችሁ ጉድ ነው። አካውንት ሴቲንግ ውስጥ «ሲንክሮናይዜሽን» ገብታችሁ የቅርብ 30 ቀን ብቻ በሉት። «ኦል ሜይል» የሚለውን፣ ጂሜይል ደብዳቤውን ሁሉ ደግሞ የሚያሳይበትን ፎልደርም ከማውረጃው አስወጡት፤ አለዚያ አንዱን ደብዳቤ ሁለቴ ሊያወርድ ይችላል።

ጣርማ በር፦
ዊንሜይሉ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ላኪው በዴስክቶፑ አውትሉክ (የማይክሮሶፍት ኢሜይል ፕሮግራም) «ሪች ቴክስት» በሚባለው የአውትሉክ የራሱ ቅርጽ አድርጎ ነው የሚጽፈው። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሜይል ገብቶ ወደ ኤችቲኤምኤል ይቀይረው፤ በቃ።

የዳታው ምሬት ግን ከፕሮግራም አይመጣም፣ ተያይዞ ከሚላከው የስካን ሰነድ ክብደት ነው። አባሪ በኢሜይል ሲያልፍ በሲሶ ገደማ ያብጣል፤ 6 ሜጋባይት የነበረው 8 ሆኖ ይጓዛል፣ ለ14 ሰው ሲደርስ 112 ሜጋባይት የሰው ጥቅል ተበላ ማለት ነው። ስካነሩን ከ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ያሉ ነጥቦች) ወደ 150 አውርዱት፤ ነጥቦቹ ወደ ሩብ ይወርዳሉ፣ ጽሑፉም በደንብ ይነበባል። ጥቁርና ነጭ ካደረጋችሁት የበለጠ ይቀላል፣ ግን ማኅተሙ ፎቶ ኮፒ ይመስልና «ኦሪጅናሉን አምጡ» መባል አይቀርም። ማኅተም ላለበት ገጽ ቀለሙን ተዉት።

ወፍ ዋሻ፦
እውነት ነው። ማኅበራቱ ጋ ግን ምንም አትጫኑ፤ ስልካቸው ላይ ያለው የጂሜይል አፕ ይበቃቸዋል። ርዕሱን ብቻ አስተካክሉላቸው፦ «ሪፖርት» ተብሎ የመጣ 14 ደብዳቤ ውስጥ የመሐል ሜዳውን መፈለግ አበሳ ነው። «መሐል ሜዳ፣ የጥር ሪፖርት» ይባል። በአሮጌው ፓወር ግዕዝ የሚጽፍ ካለም ወደ ዩኒኮድ (ስልኩም ኮምፒውተሩም በጋራ ወደሚያውቀው የፊደል ኮድ) ይዙር፤ ፎንቱ የሌለው ሰው ጋ የላቲን ዝባዝንኬ ሆኖ ነው የሚደርሰው።

ባሶ፦
እናመሰግናለን። «ለሁሉም መልስ» የሚነካውንስ?

ጣርማ በር፦
«ለ» የሚለው ላይ የራሳችሁን አድራሻ፣ 14ቱን ቢሲሲ (ስውር ግልባጭ) ላይ አድርጉ። ከዚያ ማንም ቢነካው የሚመጣው ለእናንተ ብቻ ነው።