20,000 የተጻፈበት ፓወር ባንክ ግማሹን እንኳ አልሰጠኝም

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ለሥራ በጀልባ ወደ ዘጌ ስሻገር መብራት በሌለበት ስለማድር 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክ ገዛሁ። ባለ 5,000 ስልኬን አንድ ጊዜ ተኩል ሞልቶ ጸጥ አለ።

ጽሑፉ በውስጡ ባሉት ባትሪዎች 3.7 ቮልት የተሰላ መሆኑን አውቃለሁ፤ 74 ዋት-ሰዓት ማለት ነው። ወደ 5 ቮልት ሲያሳድግ የሚባክነው ተቀንሶ 60 ቢደርሰኝ አልከራከርም ነበር።

የዩኤስቢ መለኪያና በስልክ ፈንታ ኃይሉን የሚጨርስ ሬዚስተር ገጥሜ ለካሁት። በ1 አምፒር ሰባት ሰዓት ያህል ሠርቶ 35 ዋት-ሰዓት ሰጠ። በ2 አምፒር ግን የቀረውን ኃይል ከሚያሳዩት አራት መብራቶች ሁለቱ እየበሩ ሳሉ 26 ዋት-ሰዓት ሰጥቶ ድርግም አለ፤ አንድ ሰዓት አሳርፌ ስሞክረው እንደገና ተነሣ። (ሬዚስተሩ የተቀመጠበትን የፕላስቲክ ሰሃን አቅልጦታል፤ እናንተ ሸክላ ላይ አድርጉት።) ባዶውን ስሞላው የገባው 47 ዋት-ሰዓት ነው። በጎረቤቴ የቅመም ሚዛን 210 ግራም ይመዝናል፤ ይህም ለ20,000 አነሰብኝ።

ቀፎው በሙጫ የተጣበቀ ስለሆነ ከከፈትኩት ሻጩ አይመልስልኝም። ሳልከፍተው፣ ጉድለቱ የባትሪዎቹ ይሁን ቮልቴጁን የሚያሳድገው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በምን ለክቼ ልለይ?